አምፖሎቹ እስኪሞቁ

እስቲ መልሱልኝ፦ አብርታችሁት ወዲያው ያልጮኸን ዕቃ ሁሉ «ሞቷል» ብላችሁ የምትጥሉት ማን ሥልጣን ሰጥቷችሁ ነው? አትሳቁ። ነገሩ የዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። የምናገረው ስለ አንዲት ሴትና ስለ አንድ ወንድ፣ መልስ ሳያገኙ ስለተመለሱ ሽማግሎች፣ በመካከላቸውም ስለቆመ አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ነው። ችኩል የሆነ አንባቢ ገጹን ይግለጥና ስፖርቱን ያንብብ።

ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ጋሽ ገብረአብ የሬዲዮና የድምፅ ማጉያ መጠገኛ ቤት አላቸው። በወጣትነታቸው በአንድ ፋብሪካ የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይመቱ ነበር። ቡድኑ ሲበተን ዕቃው መጋዘን ውስጥ ተቆለለ፤ መጋዘኑ ሲጸዳ ደግሞ ሜዳ ላይ ተጣለ። ጋሽ ገብረአብ ከዚያ ክምር አንዱን በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ፦ ባለ አምፖል የጊታር አምፕሊፋየር። ስፒከሩ ለብቻ ነው፤ ሙዚቀኞች «ሄድ» የሚሉት ማሽኑ ደግሞ ለብቻ፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ የእንጨት ሣጥን። የጣሉት ሰዎች «አብርተን ሞክረነዋል፣ አይሠራም» ብለው ነበር። ውሸት! ይሠራል። ውስጡ ያሉት የመስተዋት አምፖሎች ቀስ ብለው እንደ ፍም እስኪቀሉ ድረስ ግን ትንፍሽ አይልም። ትንንሾቹ አምፖሎች የጊታሩን ሹክሹክታ ተቀብለው ለትልልቆቹ ያቀብላሉ፤ ትልልቆቹ ለአዳራሽ ያደርሱታል። ሁሉም መጀመሪያ መሞቅ አለባቸው። ሰው አብርቶ መጠበቅ ስላቃተው ብቻ ስንት እንዲህ ያለ ዕቃ ዝናብ በላው!

ማርያማዊት የጋሽ ገብረአብ የእህት ልጅ ናት። ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ከአጎቷ ጋር ትሠራለች። አባቷ መሪጌታ ኪዳነወልድ በከተማው ካሉ አድባራት በአንዱ ዜማ ያስተምራሉ፤ ቁጡና ኩሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው የብየዳ ካውያ ይዛ ወንዶች መካከል መዋሏን አይወዱም፤ ግን አልከለከሏትም።

ሙሉቀን ወደዚያ ቤት የመጣው ዝናብ ሲያባርረው ነው። ጊታሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞታል። ቤተሰቡ ከወለጋ ተፈናቅሎ መጠለያ ውስጥ ነው የሚኖረው። አባቱ እዚያው ቀርተዋል፤ እንዴት እንደቀሩ እሱ አይናገርም፣ እኔም አልጠይቀውም። ያሳደገው አጎቱ አቶ አንዳርጌ ነው። ቅዳሜና እሁድ አንድ ሆቴል ውስጥ ይጫወታል፤ የሆቴሉ ማጉያ ድምፁ ቆርቆሮ ሆኖበት ሌላ ፍለጋ መምጣቱ ነበር።

«ይሄ ሣጥን ምንድን ነው?» አለ ሙሉቀን ወደ «ሄዱ» እያየ።

«ሣጥን አይደለም» አለች ማርያማዊት። «ሰካው።»

ሰካው። ክሩን መታ። ዝም።

«ሞቷል» አለ።

«አንተም እንደነሱ ነህ? ቁም እዚያው። አቡነ ዘበሰማያት በል።»

«ምን?»

«ድገም ነው የምልህ። አታውቀውም?»

«አውቀዋለሁ እንጂ። ለማሽን ጸሎት?»

«ማሽኑስ ምንም አይፈልግም። ያንተ እጅ እንዲያርፍ ነው።»

ግማሹን እየሳቀ፣ ግማሹን እያፈረ ደገመ። መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ከስፒከሩ ቀጭን እስትንፋስ መጣ። ክሩን ደግሞ መታው። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ደረት ላይ የሚያርፍ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሙሉቀን እጁን ከክሩ ላይ አንሥቶ ማርያማዊትን አያት። የማይጫወት ሰው እንዲህ አያይም፤ ብዙ ጊዜ ያልሰሙት ሰው ነው እንዲህ የሚያየው።

ከዚያ ወዲያ መመላለስ ሆነ። ከትንንሾቹ አምፖሎች አንዷ አርጅታ ነበር፤ ያረጀች አምፖል ደግሞ ጠረጴዛው ሲነካ፣ ወለሉ ሲረገጥ ትሰማለች፣ የሰማችውንም በስፒከሩ ታስተጋባለች። የሱቁ ወለል ጣውላ ነው። ሙሉቀን ደፉን ሲረግጥ ሄዱ «ግንግ» ይላል። ማርያማዊት ከኋላ ክፍል ሆና ማን እንደመጣ ታውቃለች።

«ይህቺን አምፖል እንቀይራት እንጂ» አሉ ጋሽ ገብረአብ አንድ ቀን። «ሲረግጡ ሁሉ እየጮኸች ጆሮዬን በላችው።»

«ትንሽ ትቆይ፣ ጋሼ።»

«ለምን ትቆያለች?»

«ሌላ የለንም።»

«ያ መሳቢያ ሙሉ ምንድን ነው ታዲያ?»

ማርያማዊት ካውያዋን አንሥታ የማይበየድ ነገር መበየድ ጀመረች። ጋሽ ገብረአብ አዩዋት፤ ከዚያ በኋላ ስለ አምፖሏ አላነሡም።

*

በጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ አቶ አንዳርጌ ከመጠለያው ሁለት ሽማግሎች ይዞ የመሪጌታ ኪዳነወልድ ደጅ ቆመ። የለበሷቸው ጋቢዎች ከየጎረቤቱ የተለመኑ ነበሩ፤ አንዱ ከለባሹ ለሚረዝም ሰው የተሸመነ ይመስል መሬት ይጠርግ ነበር።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ መሪጌታ።

«ልጅዎን ለልጃችን ለሙሉቀን እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው።»

መሪጌታ «ተቀመጡ» አላሉም። በዚያ ቤት ወግ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን አይቀመጥም፤ ቆሞ ይጠይቃል፣ ቆሞ ይሄዳል። ከዚያ ዘር ጠየቁ። ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት እንዳይዛመዱ መቆጠር አለበት።

«ሙሉቀን ጌታነህ» አለ አንዳርጌ። «ጌታነህ ወንድሜ ነው። አባታችን ወልደተንሣኤ። ወልደተንሣኤ…»

እዚያ ላይ ቆመ። ላቡ ግንባሩ ላይ ታየ።

«በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከጣርማ በር ጭነው ወለጋ ሲያወርዱን እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ አባቴ። አባታችንም ብዙ አልቆዩ፣ ወባ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን… የነገረኝ የለም።»

ይህን አንብባችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ይህ ሰው እዚያ በኖረበት ሁሉ «መጤ» ተባለ፤ እዚህ፣ አያቶቹ ባረሱት አገር፣ «ተፈናቃይ» ይባላል። የጣርማ በር ተራራ ከመጠለያው በራፍ ይታየዋል። ተራራውን የሚያውቅ፣ አያቱን የማያውቅ አድርጎ የሠራው ማን ነው? ነገር ግን ወደ ታሪኬ ልመለስ፤ ንዴቴ እዚያው ይቆየኝ።

መሪጌታ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው ሽማግሎቹን እስከ ውጭው በር ድረስ ራሳቸው ሸኟቸው። «በሰላም ግቡ» አሉ። ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ማርያማዊት ከጓዳው ሆና ሁሉን ሰምታለች። ደስ አላት። በዚያ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፦ አባቷ የማይፈልጉትን ሽማግሌ እዚያው ቆሞ ሳለ እምቢ ብለው ያሰናብታሉ፤ መልስ የከለከሉትንና እስከ በር የሸኙትን ግን ደግሞ እንዲመጣ ይጠብቁታል። በመጀመሪያው ቀን «እሺ» ማለት ልጅን ማርከስ ነው። እናቷ ወይዘሮ ሰርካለም እንኳ በአራተኛው ምልልስ ነው የተሰጡት።

ቀጣዩን ቀን ስትጠብቅ ዋለች፤ ልቧ ሞልቶ፣ እጇ ሥራ እምቢ ብሎ።

*

ሽማግሎቹ አልተመለሱም።

ጥር አለቀ። ዐቢይ ጾም ገባ። በሱቁ ወለል ላይ የሚረግጥ ሁሉ «ግንግ» አሰኘ፤ ባለ ሬዲዮው፣ ባለ ቴሌቪዥኑ፣ ቻርጀር ተበላሸብኝ ባዩ። የሙሉቀን እግር አልመጣም። አንድ ጊዜ መናኸሪያው አጠገብ ተያዩ። እሷ እጇን ልታነሣ ስትል እሱ ዓይኑን ከመሬት ተክሎ አለፈ። ያ አቀርቅሮ ማለፍ ከስድብ በላይ ወጋት።

ከዚያ በጋሽ ገብረአብ እጅ ከሙሉቀን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ደረሰቻት፦ «ቤታችሁን ስላስቸገርን ይቅርታ። ሄዱን ግን አትጣይው።»

ደግማ ማንበብ አላስፈለጋትም። ለእሷ ይቅርታ፣ ለዕቃው አደራ! በዚያው ወረቀት ጀርባ ጻፈችለት፦ «ዕቃ የምጥል እኔ አይደለሁም።» ሰደደችው። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች ብዬ ባወራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ አላለቀሰችም። ደከማት። የተቀመጠችበት ወንበር፣ የያዘችው ካውያ፣ የምትሰማው የጎዳና ጩኸት ሁሉ ደከማት።

ፋሲካ አልፎ ከጎረቤላ ከተማ ሌሎች ሽማግሎች መጡ። ለዲያቆን ሠረቀብርሃን ነበር የሚጠይቁት፤ ትሑት፣ ድምፁ ያማረ፣ ከመቀሰሱ በፊት ማግባት ያለበት ሰው። በወጉ ቆመው ጠየቁ፣ በወጉ ተሸኙ፣ በወጉ ተመለሱ። ሁለተኛ ሲመለሱ መሪጌታ አስቀመጧቸው።

«እሁድ ቁርጡን እነግራቸዋለሁ» አሉ ለልጃቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። «ቢያንስ እነዚህ ጠይቀው ተመልሰዋል።»

«እርስዎ እንዳሉ» አለች ማርያማዊት።

እንዲህ ስትል ምንም ነገር አልተሰማትም። አለመሰማቱ ራሱ አስፈራት።

*

ከእሁዱ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ክረምት ሳይገባ ለመጠለያው ብርድ ልብስና ሸራ ለማሰባሰብ፣ በከተማው አዳራሽ የሙዚቃ ዝግጅት ነበር። ካህናት ይባርካሉ፣ ተማሪዎች ይዘምራሉ፣ ሙሉቀን ጊታር ይመታል። ለዚህ ሄዱ ተፈለገ። ጠዋት ሊወስደው ጋሪ ይዞ የመጣው አቶ አንዳርጌ ነበር።

ማርያማዊት ሰላምታውን እንኳ አልመለሰችም።

«እዚያ አለልዎ። ይጫኑት።»

አንዳርጌ ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን ነካ ነካ አደረገውና ተወው።

«ልጄ፣ ተቀይመሽናል።»

«ልቀየምስ? ደጃችን ቆማችሁ ጠይቃችሁ ቀራችሁ። ጓዳ ሆኜ ነው የሰማሁት። የማልረባ ከሆንኩ መጀመሪያስ ለምን መጣችሁ?»

«የማልረባ? ማን አለ እንዲህ?»

«መቅረታችሁ አለ!»

«እምቢ ተብለን ነዋ የቀረነው፣ የኔ ልጅ።»

ማርያማዊት ካውያውን ከእጇ አስቀመጠች።

«ማነው እምቢ ያላችሁ?»

«አባትሽ።»

«በምን ቃል?»

አንዳርጌ አሰበ። «ቃልስ… ‹በሰላም ግቡ› እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ዝም አሉ። ከዚያ ተነሥተው እስከ ውጭ በር ድረስ አስወጡን።»

«ሸኟችሁ እንጂ!»

«ሸኙን?»

«ጋሽ አንዳርጌ፣ አባቴ እንዲመለስ የማይፈልጉትን ማንንም እስከ ውጭ በር አይሸኙም። ጳጳስን ነው እንዲህ የሚሸኙት። የማይፈልጉትን ሰው እዚያው ቆሞ ሳለ ‹አይሆንም› ነው የሚሉት። እንድትመለሱ ነው እኮ ዝም ያሉት። እኔ በር በሩን ሳይ ስንት ወር ሞላኝ!»

አንዳርጌ ጣውላው ወለል ላይ ቁጭ አለ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር እመርጥ ነበር።

«እኛን እስከ በር የሸኘን ሁሉ ዘበኛ ነው፣ ልጄ። ለመታወቂያ ሄድን፣ ዝም ተባልን። ለልጆቹ ትምህርት ሄድን፣ ዝም ተባልን። መጀመሪያ መጀመሪያ እንመለስ ነበር። ደጋግመን ተመለስን። ኋላ ገባን፦ ዝም ያለህ ሰው አልፈልግህም እያለህ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ ዝም ከተባልን አንመለስም። ደክሞናል። ክብር መስሎንም ነበር… ደግሞ አያቴን መቁጠር አቅቶኝ ከአባትሽ ፊት እንዴት ድጋሚ ልቁም?»

«ሙሉቀንስ?»

«ሙሉቀንማ በመንገድ ሲያይሽ ይደበቃል። ‹አባቷን አዋርደናል፣ ምን ዓይን አለኝ› ይላል። ያንን ወረቀትሽን ጊታሩ ከረጢት ውስጥ ይዞት ይዞራል። አነበብኩት። ቆንጣጭ ነሽ አንቺስ።»

ማርያማዊት ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀች፤ ሳቁም ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባትና ፊቷን በጋወኗ ሸፈነች።

ሰው እንዴት መመለስ እንዲተው እንደሚደረግ ማወቅ ከፈለጋችሁ በየደጁ አቁሙት፤ ዝም በሉት፤ ከዚያ «ለምን አልጠየቀም?» በሉ። ይህን ትምህርት ያስተማራችሁ ሁሉ፣ ጠረጴዛ ይኑራችሁም አይኑራችሁም፣ ሥራችሁ ከቢሮ ወጥቶ የሰው ጎጆ ውስጥ መግባቱን እወቁት።

*

ቤቷ ስትሮጥ ሄደች፤ አባቷ ወጥተዋል። አዳራሹ በር ላይ ደረሰችባቸው። የጎረቤላ ሽማግሎች አብረዋቸው ነበሩ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ አሁኑኑ።»

«በኋላ።»

«በኋላ አይሆንም።»

«ሰው አለ፣ ማርያማዊት!» አሏትና ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

መድረኩ ላይ ሙሉቀን ጊታሩን እያጠበቀ ነበር። ከስቷል። ሄዱን ስትሰካ ስትነቅል አጠገቡ ተንበረከከች። አላየችውም፤ አላያትም። ግን አንድ ገመድ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያዙ።

«አንቺ ባትመጪም እኔ እሰካው ነበር።»

«በዕቃ አላምንህም።»

«በሌላውስ?»

ካህናቱ ባርከው ሲጨርሱ ማብሪያውን ተጫነች። በሣጥኑ ቀዳዳ በኩል ትንሽ ቀይ ብርሃን ታየ፤ ፈዛዛ፣ ገና የሚንቀላፋ።

ከመቀመጫው ጭብጨባ መጣ። ሙሉቀን ክሩን መታ። ምንም። ደግሞ መታ። ምንም።

«ክቡራንና ክቡራት» አለ አንጸባራቂ ኮት የለበሰው የመድረክ መሪ፣ «መጠነኛ የቴክኒክ ችግር…»

«ሙዚየም ውሰዱት!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

«ንቀሉትና ሌላ አምጡ!» አለ ሌላው።

የመድረክ መሪው ገመዱን ሊነቅል ጎንበስ አለ። ማርያማዊት እጁን መታችውና ማይክሮፎኑን ከሌላኛው እጁ ቀማችው። ማይክሮፎኑ ከአዳራሹ ሞንታርቦ ጋር የተያያዘ ነው፤ ድምፅዋ ከግራም ከቀኝም ወጣ።

«አልተበላሸም። እስኪሞቅ ታገሱ።»

ሳቁ ቀነሰ።

«እስኪሞቅ ድረስ ግን ጥያቄ አለኝ። ጥያቄዬ ለአባቴ ነው።»

መሪጌታ ኪዳነወልድ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ቤት ውስጥ ልነግርዎ ፈልጌ ነበር። በጥር እነ ጋሽ አንዳርጌ ደጃችን ቆሙ። ዝም ብለው እስከ በር ሸኟቸው። በእኛ ቤት ይህ ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ፣ እኔ አውቃለሁ። እነሱ አያውቁም። እነሱ የሚያውቁት መባረርን ነው። እምቢ የተባሉ መስሏቸው ቀሩ። እኔ የተተውኩ መስሎኝ ደረቅሁ። ነገ ለሌላ ሰው ሊሰጡኝ ነው።» ድምፅዋ እዚያ ላይ ተሰበረ፤ መልሳ ያዘችው። «ደክሞኛል፣ አባባ። ያ ዝምታዎ እምቢ ነበር ወይስ እንዲመለሱ ነበር? ይንገሩኝ።»

ሙሉቀን ራሱን አነሣ። ከወራት በኋላ መጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አያት። በዚያ አስተያየት ውስጥ ያለውን ነገር ልጽፍ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። አንድ ሰው የቀበረው መስሎት የኖረ ነገር ስሙን ጠርቶ ሲያናግረው የሚያየው አስተያየት ነው፤ ከዚህ በላይ አልችልም።

መሪጌታ ተነሡ። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ መድረኩ ደረጃ ተራመዱ። የመድረኩን ጣውላ በመቋሚያቸው ሲመቱ፣

«ግንግ።»

አዳራሹ ደነገጠ። ሄዱ ሞቋል። ያቺ አሮጌ አምፖል የሽማግሌውን እርምጃ እየሰማች በስፒከሩ ታስተጋባ ጀመር። ግንግ። ግንግ። እያንዳንዱ ርምጃቸው በሕዝቡ ደረት ላይ አረፈ። ማንም አልሳቀም።

ማይክሮፎኑን ከልጃቸው እጅ ወሰዱ። ብዙ ሰው ቁጣ ጠበቀ። እኔም ጠብቄያለሁ።

«ጠብቄ ነበር» አሉ።

ቀስ ብለው፣ እንደ ታመመ ሰው።

«ሰርካለም የሚቀመጡበትን ምንጣፍ አውጥታ ነበር። ጥር አለፈ። ‹የመሪጌታ ልጅ ወንድ መካከል ብረት ስትነካካ ትውላለች› ብለው ናቁን፣ ጠይቀው ተዉን ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሰው ልኬ ለመጠየቅ ክብሬ አልፈቀደልኝም።»

ክብር! እኔ ይህን ክብር አልወደውም፤ ስንት ልጅ አበላሽቷል። ግን የሚቀጥለውን ስሙ።

«አቶ አንዳርጌ የት አሉ?»

አንዳርጌ ከኋላ፣ ከመጠለያው ሰዎች መካከል፣ ቆብ አውልቆ ተነሣ።

«ያን ቀን ወልደተንሣኤ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ላብዎን አየሁ። በሁለተኛው ቀን እንዲያፍሩ አልፈለግሁም። ስለዚህ ጣርማ በር ሄድኩ። አባትዎን የሚያውቁ አንዲት አሮጊት መነኩሴ አገኘሁ። ወልደተንሣኤ ሲጫኑ መኪናው ላይ ሆነው ለርስታቸው የሰገዱትን ሳይቀር ያስታውሳሉ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ለተማሪ ዜማ እንደሚያቀብል መምህር ስሞቹን አንድ በአንድ አወጡ። «ወልደተንሣኤ ተስፋሚካኤል። ተስፋሚካኤል ሀብተየስ። ሀብተየስ ወንድይራድ። ወንድይራድ ገብረመንፈስቅዱስ። ገብረመንፈስቅዱስ ድልነሳሁ። ከእኛ ጋር አይነካካም። ቆጥሬ ጨርሻለሁ።»

ከመጠለያው ሰዎች መካከል አንዲት ሴት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አንዳርጌ ስሞቹን ከንፈሩ ላይ ደገማቸው፤ ጠፍቶ የኖረ ከብት በረት ሲገባ አንድ አንዱን እንደሚነካ ሰው። ሙሉቀን ጊታሩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

ከጎረቤላ የመጡት ሽማግሌ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የጋቢያቸውን ጫፍ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ። እነሱም ወግ ያውቃሉ፤ ምን እየሆነ እንዳለ ገብቷቸዋል።

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። ድካሙ ከድምፃቸው ወጥቶ የድሮው ቁጣ ተመለሰ፤ ግን ቁጣው ወዴት እንደሚሄድ ያጣ ይመስል ነበር።

«እነዚህ ሰዎች ነገ ከእኔ መልስ ይጠብቃሉ፤ ወግ ጠብቀው የመጡ ክቡራን ናቸው፣ አላሞኛቸውም። ልጄም ሕዝብ ፊት ጠየቀችኝ፤ እኔም ሕዝብ ፊት መለስኩ። አሁን ተራው የእናንተ ነው።»

መቋሚያቸውን አነሡ። አንዳርጌ ዕድሜውን ሁሉ መልስ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ከእሱ መልስ የጠበቀ አንድም ሰው አያስታውስም።

«አቶ አንዳርጌ ወልደተንሣኤ ተስፋሚካኤል!»

ግንግ፣ አለ መቋሚያው በጣውላው ላይ፤ አዳራሹ ተንቀጠቀጠ።

«ቤቴን ከፍቼ፣ አያቶችዎን ቆጥሬ ጠበቅሁዎት። ልጄን ዛሬም ትፈልጓታላችሁ ወይስ ትታችኋታል? በጆሮዬ አይንገሩኝ፣ ሰው አይላኩብኝ። እዚህ ይውጡና ሕዝብ ፊት ይመልሱልኝ!»